ኦሪጅናሉ የቱ ነው? በ«ዘ ቲንግ» ለተጣሉት አራት ጓደኛሞች

ጥያቄ፦ «አራት ጓደኛሞች ነን፣ እሁድ እሁድ ማታ አንዳችን ቤት ተሰብስበን የድሮ ሳይንስ ፊክሽን ፊልም እናያለን። ባለፈው የ1982ቱን ዘ ቲንግ አይተን ሁላችንም ወደድነው። ከዛ አንዱ ጓደኛችን ‹ይሄ እኮ ራሱ ሪሜክ ነው፣ ኦሪጅናሉ የ1951ዱ ነው፣ ኦሪጅናል ደግሞ ሁሌም ይበልጣል፣ ሪሜክ ማለት ስቱዲዮዎች ሀሳብ ሲያልቅባቸው ብር ለመልቀም የሚሰሩት ነው› አለ። ሌላኛው ደግሞ ‹ጥቁርና ነጭ ፊልም አሁን ማን ያያል፣ ኢፌክቱ ያስቃል፣ ማየት ካለብን አዲሱን የ2011ዱን ሪሜክ ነው› ብሎ እሱን ይዞ መጣ። ክርክሩ ወደ ጭቅጭቅ ሄዶ የሚቀጥለው እሁድ ሳንገናኝ ቀረን። የቱ ነው ልክ? በምን ቅደም ተከተልስ ብናይ ይሻላል?»

መልስ፦ ሁለቱም ጓደኞችህ ተሳስተዋል፣ የተሳሳቱት ደግሞ በምርጫቸው ሳይሆን በመረጃ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ መረጃውን እናስተካክል። ዓመተ ምህረቶቹን እንደ ጥያቄህ በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

የ2011ዱ ዘ ቲንግ ሪሜክ (ያንኑ ታሪክ ዳግም የሰራ ፊልም) አይደለም። ስሙ አንድ አይነት ስለሆነ ነው ሰው ሁሉ የሚምታታበት፣ እንደውም ያን ስም እንዳለ መስጠታቸው ፊልሙን ከጎዱት ነገሮች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። የ1982ቱ ሲጀምር በሄሊኮፕተር ሆነው በረዶ ላይ የሚሮጠውን ውሻ እየተከታተሉ የሚተኩሱት ኖርዌያውያን ትዝ ይሉሃል አይደል? የ2011ዱ እነሱ ካምፕ ውስጥ ከዛ በፊት ምን እንደተፈጠረ ነው የሚያሳየው፣ ፕሪኩዌል የሚባለው ማለት ነው፣ መጨረሻው ላይም ውሻው ሲያመልጥና ሄሊኮፕተሩ ሲከተለው ከ1982ቱ መጀመሪያ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ሁለተኛው ጓደኛህ «አዲሱ ቨርዥን» ብሎ ያመጣው ነገር የሌላ ታሪክ ፊልም ነው፣ የ1982ቱን ሊተካውም አይችልም፣ ሊተካው ብሎም አልተሰራም።

የመጀመሪያው ጓደኛህ ስህተት ግን ጠለቅ ያለ ነው፣ ብዙ ፊልም የሚያውቅ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የ1951ዱ ኦሪጅናል አይደለም። ኦሪጅናሉ ፊልም ራሱ አይደለም። በ1938 ጆን ካምፕቤል የሚባል አሜሪካዊ፣ አስታውንዲንግ የተባለውን የሳይንስ ፊክሽን መጽሔት ያዘጋጅ የነበረ ሰው፣ እዛው መጽሔት ላይ ዶን ስቱዋርት በሚል የብዕር ስም አንድ ረዘም ያለ ታሪክ አሳተመ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ማነው እዚያ?» እንደማለት ነው፣ ዘበኛ በጨለማ ድምፅ ሲሰማ የሚጠይቀው ጥያቄ። አንታርክቲካ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች በረዶ ውስጥ የተቀበረ ፍጡር ያወጣሉ፣ በረዶው ይቀልጥና ፍጡሩ ይነሳል፣ ከዛ የነካውን ሰውም እንስሳም እየዋጠ ራሱን ቁርጥ እሱን ያስመስላል። መልኩን፣ ድምፁን፣ ትዝታውን ሳይቀር ስለሚይዘው አጠገብህ ያለው ሰው ሰው ይሁን አይሁን ማወቂያ የለህም። ታሪኩ በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

አሁን የ1951ዱን ተመልከት። ሙሉ ስሙ ዘ ቲንግ ፍሮም አናዘር ወርልድ ነው፣ ዳይሬክተር ተብሎ የተጻፈው ክርስቲያን ናይቢ፣ ፕሮዲውሰሩ ደግሞ ሃዋርድ ሆክስ ነው (ማነው እውነተኛው ዳይሬክተር የሚለው ራሱ ሰባ ዓመት ያላለቀ ክርክር ነው፣ ምክንያቱም ፊልሙ ከላይ እስከ ታች የሆክስን ፊልም ይመስላል፣ ናይቢ ደግሞ የሆክስ ኤዲተር ነበር)። እነሱ ታሪኩን ገዝተው ዋናውን ነገር አወጡት። ራሱን የሚቀያይር ፍጡር የለም። ያለው በጄምስ አርነስ የተሰራ፣ እንደ ተክል የሚበቅል፣ ደም የሚፈልግ ግዙፍ ሰውዬ ነው። ቦታውም ከደቡብ ዋልታ ወደ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ተቀየረ። በ1982 ዳይሬክተሩ ጆን ካርፔንተርና ጸሐፊው ቢል ላንካስተር የሰሩት እንግዲህ ወደ 1938ቱ ጽሑፍ መመለስ ነው። አንታርክቲካው ተመለሰ፣ የሚመሳሰለው ፍጡር ተመለሰ፣ በጋለ ሽቦ ደም የሚነኩበት ያ ሁላችሁንም ወንበር ላይ ያስነሳችሁ ትዕይንት ከጽሑፉ የመጣ ነው፣ ማክሬዲ፣ ብሌር፣ ኮፐር፣ ጋሪ፣ ኖሪስ የሚሉት የገጸ ባህሪያቱ ስሞችም እዛው አሉ። ታዲያ «ለምንጩ የቀረበው የቱ ነው» ተብሎ ከተጠየቀ ጓደኛህ «ሪሜክ» ብሎ ያጣጣለው ነው የቀረበው።

ይሄን ስልህ ግን የ1951ዱን እንድትንቀው አይደለም፣ ካርፔንተር ራሱ አልናቀውም። በ1978 በሰራው ሃሎዊን ላይ ልጆቹ ቤት ቲቪው ላይ የሚሄደው ፊልም የ1951ዱ ነው። የ1982ቱ መጀመሪያ ላይ ርዕሱ ጨለማውን እንደሚያቃጥል እየበራ የሚወጣው ከ1951ዱ በቀጥታ የተወሰደ ነው። ሌላ ደግሞ አለ፣ እነ ማክሬዲ ኖርዌያውያኑ የቀረጹትን ቪዲዮ ሲያዩ ሰዎቹ በረዶው ላይ ተራርቀው ክብ ሰርተው ቆመዋል። በ1951ዱ ወታደሮቹ ከበረዶው ስር ያለውን ነገር ቅርፅ ለማወቅ ጫፍ ጫፉን ይዘው ሲቆሙ ክብ መስራታቸውን ያያሉ፣ በራሪ ሳህን ማግኘታቸው የሚገባቸውም ያኔ ነው። ከታዋቂ ትዕይንቶቹ አንዱ ነው፣ ካርፔንተር ያን አንስቶ ድምፅ በሌለው ያረጀ ቪዲዮ ውስጥ አስቀመጠው። እንደዚህ የሚሰራ ሰው ከሱ በፊት የነበረውን ወዶ አጥንቶ ነው የመጣው፣ «ብር ለመልቀም» የሚለው ክስ እሱ ላይ አይሰራም።

ደግሞ ስለ ብር ከተነሳ ያን ጊዜ የሆነውን ማወቅ አለባችሁ። የ1982ቱ ዘ ቲንግ ሲወጣ ወድቋል። ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት አሜሪካ ውስጥ ያስገባው 20 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም፣ ሲኒማ ቤቶቹ ድርሻቸውን ሲወስዱ ያ ኪሳራ ነው። የወጣው ሰኔ 25 ሲሆን ከዛ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ያው ስቱዲዮ ኢ.ቲ.ን አውጥቶ ነበር፣ አገሩ በሙሉ ትንሿን የዋህ የሰማይ እንግዳ እያየ በሚያለቅስበት ሰሞን ይሄ ውሻ ሲሰነጠቅ የሚያሳይ ጨለማ ፊልም ይዞ መጣ። ብሌድ ረነር የተባለው ሌላ ሳይንስ ፊክሽን ፊልምም ከዘ ቲንግ ጋር በአንድ ቀን ነው የወጣው፣ እሱም አልቀናውም። ሃያሲዎቹ በ1982ቱ ላይ ወረዱበት፣ አስቀያሚ ነው፣ ሰዎቹ ባዶ ናቸው፣ የድሮው ይሻላል አሉ። የ1951ዱ ዳይሬክተር ናይቢም በይፋ ነቅፎታል። የኤንዮ ሞሪኮኔን ሙዚቃ፣ ያን ልብ ምት የሚመስለውን ማለቴ ነው፣ የዓመቱ መጥፎ ሙዚቃ ብለው ለማሾፊያ ሽልማት አጩት። ካርፔንተርም ከዛው ስቱዲዮ ጋር ሊሰራው የነበረው ቀጣይ ፊልም ከእጁ ወጣ። ፊልሙን ያዳነው ቪዲዮ ካሴት ነው፣ ሰው ካሴቱን እየተከራየ ቤቱ ደጋግሞ ሲያየው ቀስ እያለ ዛሬ ያለበት ቦታ ደረሰ። እኔም ያየሁት ልጅ ሆኜ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው፣ ኮፒው ከመደብዘዙ የተነሳ ግማሹ ጥቁር ነበር፣ ግን የደም ምርመራው ጋ ሲደርስ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አጠገቡ ያለውን በጎን ያይ እንደነበር አልረሳውም። ስለዚህ ጓደኛህ ዛሬ የሚለውን ነገር ሰዎች በ1982 ብለውታል፣ ያኔ የተሰደበው ፊልም ነው ዛሬ የሌሎች ፊልሞች መለኪያ የሆነው።

«ሪሜክ ሀሳብ ሲያልቅ የሚመጣ ነው» የሚለውም በታሪክ አይደገፍም። ሆሊውድ ከተፈጠረ ጀምሮ ራሱን ሲደግም ነው የኖረው። ብዙዎቻችን ቤተሰብ ተሰብስቦ ያየነው የ1959ኙ ቤን ሁር በ1925 ድምፅ አልባ ሆኖ የተሰራው ፊልም ዳግም ስራ ነው፣ 11 ኦስካር ወስዷል። አስርቱ ትዕዛዛትን ሲሲል ደሚል ራሱ በ1923 ሰርቶት በ1956 ደግሞ እንደገና ሰራው። ማንም ሰው ሪሜክ ብሎ አይሰድባቸውም፣ ምክንያቱም ድምፅና ቀለም ሲመጣ እንደገና መስራቱ ምክንያት ነበረው። ስቱዲዮ የታወቀ ርዕስ የሚወደው አንደኛ መብቱ እጁ ላይ ስላለ፣ ሁለተኛ ሰው ስሙን ስለሚያውቀው ማስታወቂያው ስለሚቀልለት ነው፣ ይሄን አልክድም፣ ግን ለብር ያልተሰራ የስቱዲዮ ፊልም የለም፣ የ1951ዱም ለብር ነው የተሰራው። ብር ለሚለው ጥያቄ መልሱ ለሁሉም አንድ ከሆነ ደግሞ ፊልሞቹን ለመለየት አይጠቅምህም ማለት ነው።

ታዲያ የሚጠቅመው ጥያቄ የቱ ነው ብትለኝ፣ እኔ ተማሪዎቼን የማስጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ፊልም የሚፈራው ምንድነው? ጥሩ ሳይንስ ፊክሽን በሰማይ እንግዳ አሳቦ የዘመኑን ፍርሃት ነው የሚናገረው። ጥሩ ሪሜክ ደግሞ ያንኑ ታሪክ አንስቶ የራሱን ዘመን ፍርሃት ያገኝበታል፣ መጥፎው ታሪኩንና ስሙን ይወስድና የሚፈራው ነገር ሳይኖረው ይቀራል።

በዚህ ሁለቱን ዘ ቲንግ መዝናቸው። 1951 ቀዝቃዛው ጦርነት የተፋፋመበት፣ ሰው በራሪ ሳህን አየሁ ማለት ከጀመረ አራት ዓመት የሆነው ጊዜ ነው። ፊልሙ ውስጥ ወታደሮቹ እየተሳሳቁ እየተቀላለዱ አንድ ላይ ይሰራሉ፣ ሁሉም ሀሳብ ያዋጣል፣ ችግር የሚፈጥረው ከፍጡሩ ጋር መነጋገር አለብን የሚለው ሳይንቲስት ነው። መልእክቱ አንድ ከሆንን እናሸንፋለን ነው። በ1982ቱ ያ አንድነት የለም። አስራ ሁለት ወንዶች ናቸው፣ ፊልሙ ሲጀምር ጀምሮ ተሰለቻችተዋል፣ ፍጡሩ ሲገባ ደግሞ የቀረችው ትንሽ መተማመንም ታልቃለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፣ እዚህ ፊልም ላይ ግን የጠረጠረውም ይመነጠራል፣ የሚያስፈራው እሱ ነው። በ1951ዱ ጠላት ውጪ ቆሞ በር ይሰብራል፣ በ1982ቱ ጠላት ገብቶ ገበታው ላይ አብሯቸው ተቀምጧል። ሁለቱ ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ፊልሞች ስላልሆኑ «የቱ ይበልጣል» ብሎ ማጋጨቱ ብዙም አያስኬድም። አንዱን ምረጥ ካልከኝ እኔ የ1982ቱን ነው የምመርጠው፣ ግን የ1951ዱን ሳላይ ቢሆን ኖሮ ካርፔንተር ምን እንዳፈረሰ አይገባኝም ነበር።

ይሄን ነገር ከሁሉም በላይ የሚያሳየው ግን ዘ ቲንግ ሳይሆን ኢንቬዥን ኦፍ ዘ ቦዲ ስናቸርስ ነው፣ ለእናንተ እሁድ የምመክረውም እሱን ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጃክ ፊኒ የሚባል ደራሲ በ1954 ኮሊየርስ መጽሔት ላይ በተከታታይ ያወጣው ታሪክ ነው። ከሰማይ የመጣ ዘር ሰው ሲተኛ ቅጂውን ያበቅላል፣ ዋናው ይጠፋል፣ ቅጂው ያው ሰውዬ ነው፣ ትዝታው አለ፣ ስሜት ብቻ የለውም። በ1956 ዶን ሲገል በትንሽ በጀት ሰራው፣ ሳንታ ሚራ በምትባል ትንሽ የካሊፎርኒያ ከተማ ውስጥ። አንዲት ሴት ሐኪሙን አጎቴ አጎቴ አይደለም ትለዋለች፣ መልኩም ጠባሳውም አነጋገሩም የሱ ነው፣ ግን እሱ አይደለም። በቃ ፊልሙ እዛች ጋ ይይዝሃል። ትንሽ ከተማ ስለሆነች ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል፣ ስለዚህ አንድ ሰው ሲቀየር ቤተሰቡ ወዲያው ያውቀዋል፣ የሚያምነው ሰው ነው የሚያጣው። አንዳንዱ ስለ ኮሚኒስት ፍርሃት ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ኮሚኒስት እያሉ ሰው ስለሚያሳድዱት ነው ይላል፣ ፊልሙ ለሁለቱም ይሆናል፣ ጥንካሬው እሱ ነው።

በ1978 ፊሊፕ ካውፍማን ሲሰራው ምን አደረገ? ታሪኩን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አዛወረው። ይሄ በጣም ትልቅ ውሳኔ ነው። ትልቅ ከተማ ውስጥ ጎረቤትህ ቢቀየር አታውቅም፣ አስቀድሞም አታውቀውማ። ሰዎች በመንገድ ሲያልፉ ፊታቸው ባዶ ነው፣ የተቀየሩ ይሁኑ ከስራ ደክመው የሚመለሱ ይሁኑ መለየት አትችልም። ሊዮናርድ ኒሞይ መጽሐፍ የሚሸጥለት ታዋቂ የሥነ ልቦና ሐኪም ሆኖ ባሏ የተቀየረባትን ሴት በሚያረጋጋ ድምፅ ችግሩ ያንቺ ነው ይላታል፣ የሰባዎቹን ዘመን እኔነት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ሰው አላየሁም። ድምፁን ደግሞ ልብ በሉት፣ የስታር ዋርስን ድምፆች የፈጠረው ቤን በርት ነው የሰራው፣ የቆሻሻ መኪናዎቹ ድምፅ ፊልሙ ውስጥ እየደጋገመ ይመጣል፣ ምን እየጫኑ እንደሆነ ሲገባህ ያን ድምፅ መስማት ያቅትሃል። ይሄ ሪሜክ የ1956ቱን አንድም ነገር አልሰረቀም፣ የወሰደውን በራሱ ከተማና በራሱ ዘመን ተርጉሞታል።

ከዛ በኋላ ያሉት ሁለቱ በፍጥነት ይታለፋሉ። በ1993 ኤብል ፌራራ ወታደራዊ ካምፕ ውስጥ አድርጎ ሰራው፣ ሀሳቡ ብልህ ነው፣ ሁሉም አንድ አይነት ለብሶ አንድ አይነት በሚታዘዝበት ቦታ የተቀየረውን እንዴት ትለየዋለህ። በ2007 የወጣው ዘ ኢንቬዥን ደግሞ ኒኮል ኪድማንና ዳንኤል ክሬግ እያሉበት አልሆነም። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ኦሊቨር ሂርሽቢገል የሰራውን ስቱዲዮው አልወደደውም፣ ሌሎች ሰዎች አዲስ ትዕይንት እንዲጽፉና እንዲቀርጹ ተደረገ፣ ውጤቱ ግማሹ ቀዝቃዛ ድራማ ግማሹ የመኪና ማሳደድ ነው፣ ሁለት ፊልም እየተጋፋ እንዳለ ይታወቅሃል።

ዘ ፍላይም እንደዛው ነው። በ1958ቱ ሳይንቲስቱና ዝንቧ ጭንቅላት ይቀያየራሉ፣ አደጋው የሚደርሰው ባንዴ ነው። በ1986 ዴቪድ ክሮነንበርግ አንድ ነገር ብቻ ለወጠ፣ ባንዴ የነበረውን ቀስ በቀስ አደረገው። ሰውዬው ከቀን ወደ ቀን ጥፍሩ ይነቀላል፣ ጥርሱ ይወልቃል፣ የምትወደው ሴት አጠገቡ ሆና ታያለች። ያን ሰሞን ብዙ ተመልካች ከኤድስ ጋር አያይዞት ነበር፣ ዳይሬክተሩ ግን ስለ በሽታና ስለ እርጅና በአጠቃላይ ነው ብሏል። ሜካፑ ኦስካር ወስዷል፣ የሚያስለቅሰው ግን ሜካፑ አይደለም፣ ሰው አስታሞ የሚያውቅ ይረዳኛል።

ያልተሳካላቸውንም በዚሁ መለኪያ ማየት ይቻላል። የ1951ዱ ዘ ዴይ ዚ ኧርዝ ስቱድ ስቲል የኒውክሌር ፍርሃት ነው፣ ከሰማይ የመጣው ክላቱ ተከራይ ሆኖ ተራ ሰዎች መሀል ይኖራል፣ ከአንድ ልጅ ጋር ከተማውን ይዞራል፣ የሰው ልጅን የሚያውቀው እንደዛ ነው። በ2008 ኪያኑ ሪቭስን ይዘው ሲሰሩት ፍርሃቱን ወደ አካባቢ ጥበቃ ቀየሩት፣ ሀሳቡ ትክክል ነበር፣ ግን ከሰው ጋር የሚኖርበትን ክፍል አውጥተው በፍንዳታ ተኩት፣ ስለዚህ ሰውየው በመጨረሻ ሀሳቡን ሲቀይር ለምን እንደቀየረ አያሳምንህም። የ2012ቱ ቶታል ሪኮል የድሮው ፊልም የሄደባትን ማርስን በሙሉ ትቶ ማሳደዱን ብቻ አስቀረ። የ2014ቱ ሮቦኮፕ ጥሩ ጥያቄ ይዞ ነበር፣ ግን የ1987ቱ የአዋቂ ፊልም ነበር፣ ጭካኔው ራሱ ነው የሚናገረው፣ አዲሱ ለታዳጊዎች እንዲፈቀድ ሲባል ለሰለሰና ያ ቁጣ ጠፋ። ስቱዲዮ ብዙ ተመልካች ለማግኘት እድሜ ሲያወርድ መጀመሪያ የሚሄደው ፍርሃቱ ነው፣ ይሄ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ነው።

ስለ ኢፌክት ሁለተኛው ጓደኛህ ያለው አለ፣ እሱንም ዝም ብዬ አላልፈውም። የ1982ቱን ጭራቆች የሰራው ሮብ ቦቲን ያኔ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ ልጅ ነው፣ ከዓመት በላይ ሌት ተቀን ሰርቶ መጨረሻ ላይ ከድካም የተነሳ ሆስፒታል ገብቷል፣ የውሻውን ክፍል ስታን ዊንስተን ያገዘው ለዛ ነው። ላስቲክ፣ ኬሚካል፣ ሽቦ ነው፣ ግን ክፍሉ ውስጥ አለ፣ መብራቱ ያርፍበታል፣ ተዋናዩ የሚያየውን ያየዋል። የ2011ዱን የሰሩት ሰዎችም በእጅ የተሰሩ ፍጡራን አዘጋጅተው ነበር፣ ከቀረጻ በኋላ ግን አብዛኛው በኮምፒውተር ምስል ተሸፈነ። ይሄን የምልህ ኮምፒውተር መጥፎ ነው ለማለት አይደለም፣ በ2005 ስፒልበርግ የሰራውን ዋር ኦፍ ዘ ወርልድስ ተመልከት፣ ማሽኖቹ ኮምፒውተር ናቸው ግን ቶም ክሩዝ የሰው አመድ ለብሶ ቤቱ ሲገባ የኒውዮርኩን የመስከረም 11 ጥቃት ያየ ሁሉ ይደነግጣል። ፍርሃቱ ካለ መሳሪያው ያግዘዋል። የ1951ዱ ያስቃል የሚለውን ግን አልቀበልም። ሰዎቹ ክፍሉን አጨልመው ኬሮሲን በባልዲ ይዘው የሚጠብቁበትን ትዕይንት እዩት፣ የጨረር መለኪያው ድምፅ እየፈጠነ እየፈጠነ ይመጣል፣ ፍጡሩ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ነው መቅረቡን የሚነግርህ። ለተማሪዎቼ ሳሳይ ልብሱን አይተው የሳቁት ልጆች እዛ ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ።

የዚህ መለኪያ ወሰንም አለው። ፍርሃት መሀል ላይ ያልሆነ ፊልም ሲመጣ አይሰራም፣ የሚያስብ ውቅያኖስ ስለሸፈናት ፕላኔት የሚያወራውን ሶላሪስን በሱ መመዘን አትችልም። ታርኮቭስኪ በ1972 ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ አድርጎ፣ ሶደርበርግ በ2002 በ99 ደቂቃ ሰሩት፣ ደራሲው ስታኒስላቭ ሌም በሁለቱም አልተደሰተም፣ ሁለቱም ስለ ውቅያኖሱ ሳይሆን ስለ ፍቅርና ጸጸት ነው የሰሩት ብሎ። እሱ ከደራሲው በኩል ልክ ነበር፣ እኔ ግን ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። አንዳንዴ ሁለት ንባብ ነው ያለው፣ አሸናፊ የለም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ። የ1982ቱን አይታችኋል፣ ስለዚህ ቀጥሎ የ1951ዱን እዩ፣ ስታዩ ሙሉውን 87 ደቂቃ የሚሆነውን ፈልጉ፣ ተቆርጦ ያጠረ ኮፒ ስላለ። የ2011ዱን መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ ለ1982ቱ አዲስ ለሆነ ሰው ግን በጭራሽ ቀድማችሁ አታሳዩት፣ ውሻው ምን እንደሆነ አለማወቅ የፊልሙ ግማሽ ኃይል ነው። (በነገራችን ላይ ኖርዌጂያንኛ ለሚሰማ ሰው ምስጢሩ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያልቃል፣ ተኳሹ የሚጮኸው ያ ውሻ አይደለም፣ አምልጡ እያለ ነው።) ታናናሾች ካሉ የ1982ቱንና የ1986ቱን ዘ ፍላይ አታሳዩ፣ በ1951ዱ መጀመር ይችላሉ። በስልክ ላይም አትዩአቸው፣ የ1982ቱ ጨለማው ውስጥ ነው ብዙ ነገር ያስቀመጠው፣ ስክሪን ካነሰና ክፍሉ ከበራ ግማሹ ይጠፋል።

ለእርቁ እሁድ ግን ዘ ቲንግን ተዉትና ሁለቱን ቦዲ ስናቸርስ አከታትላችሁ እዩ፣ የ1956ቱን ቀድማችሁ፣ 80 ደቂቃ ነው፣ ከዛ ቡና ጠጥታችሁ የ1978ቱን። የ1956ቱ መግቢያውና መውጫው ላይ ያለው የሆስፒታል ክፍል ስቱዲዮው ሰው ተስፋ ይቁረጥ ይሆን ብሎ ፈርቶ ያስጨመረው ነው፣ ሲገል ሊጨርሰው የፈለገው ሐኪሙን ሆኖ የሚሰራው ኬቨን ማካርቲ አውራ ጎዳና ላይ መኪኖቹ መሀል ቆሞ ሲጮህ ነው፣ እዛ ጋ አቁማችሁ ተነጋገሩበት። የ1978ቱን ስትጀምሩ ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ መንገድ ላይ እየጮኸ መጥቶ መኪናው መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ሽማግሌ ፊቱን እዩት፣ ያው ኬቨን ማካርቲ ነው፣ ከ22 ዓመት በኋላም እየሮጠ፣ ቆይቶ የሚመጣው የታክሲ ሹፌርም ዶን ሲገል ራሱ ነው። ለጓደኞችህ ግን ቀድመህ አትንገራቸው፣ «ሪሜክ ብር ነው» ያለው ጓደኛህ ራሱ አይቶ ይለየው።